የእትዬ አቻምየለሽ ምንሽር

እትዬ አቻምየለሽን ያወቅኋቸው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ከማንኩሳ እምብዛም በማይርቅ ቀበሌ ስመደብ፣ ማደሪያ አጥቼ ስንከራተት ግቢያቸው ጥግ ያለችውን ጭቃ ቤት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ስለ ደመወዜም ስለ ዘመዶቼም አልጠየቁኝም። «በርበሬ ትችላለኸ?» ብቻ አሉኝ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ እንዴት አልችልም አልሁ። የመጀመሪያውን ወጥ ቀምሼ ዓይኔ እንባ ሲያፈስ ባዩ ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ብቻ የሚሆን አልጫ በትንሽ ድስት ይሠሩልኝ ጀመር፤ ድስቷንም «የመንግሥት ድስት» ብለው ጠሯት።

ባለቤታቸው በወባ ከሞቱ ቆይተዋል። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለሌላ ሰው ለእኩል የምትሰጥበት አገር ነው። እሳቸው ግን ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን አስከትለው ራሳቸው አዘዙበት። ልጆቹ ገና እርፍ መጨበጥ ሳይችሉ ዘመድ እየለመኑ አሳረሱ፣ ሲያድጉ ደግሞ የራሳቸውን በሬ ጠመዱላቸው። የበርበሬ ችግኝ በማፍላት አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ መደባቸው ላይ ቆመው ችግኙን ሲቆጡት የሚሰማ ሰው ልጆቻቸውን የሚቆጡ ይመስለዋል። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ አካሄዳቸው ፈጣን ነው። ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ነው መሸሽ።

ታላቁ ልጃቸው ዓለምነህ ነበር፤ ታናሹ ደግሞ እንዳለው ይባላል። እኔ የደረስሁት ዓለምነህ ከሞተ በኋላ ስለሆነ የማውቀው እንዳለውን ብቻ ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሰው ጋር ሲሆን መሬት መሬት ያያል፣ ከበሬዎቹ ጋር ሲሆን ግን ያለማቋረጥ ያወራል። አንድ ጊዜ ዋናው በሬ እግሩን ቢሰበር እህል አልበላም ብሎ እናቱን ሲያስጨንቅ አይቻለሁ።

ዓለምነህን የገደለው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ባምላኩ ይባላል። ነገሩ የመስኖ ተራ ነበር። ውሃው ወደ ማን ችግኝ ይሂድ ተባብለው ቦዩ ላይ ቆመው ተሰዳደቡ፤ ባምላኩ ቤቱ ገብቶ የአባቱን ምንሽር ይዞ ወጣ፤ ዓለምነህም አልሸሸም። በአንድ ጥይት አለቀ። ሰው ስለ ግድያ ሲጠይቅ ረጅም ታሪክ ይጠብቃል፤ ይሄኛው ግን ከዚህ አይረዝምም። ባምላኩ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ጊዜውን ጨርሶ ሲፈታም ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። ሁለቱን ቤት የሚለየው ያው ቦይ ነው።

አገሩ የፍርድ ቤቱን ፍርድ ለብቻው አይቆጥረውም። ሽማግሌ ገብቶ ካላስታረቀ የሟች ወንድም ደሙን ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። እንዳለው ወደደም ጠላም የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ቢገድል ይታሰራል ወይ ይገደላል፤ ባይገድል ደግሞ ገበያ በወጣ ቁጥር ሲንሾካሾኩበት ይኖራል። እትዬ አቻምየለሽ የቀራቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕርቁን ከማንም በላይ የፈለጉት እሳቸው ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ ገና በሩን ሳይረግጡ እሺ ብለው ጠበቋቸው።

የደም ካሳ ሲቆረጥ የባምላኩ አባት አያ አድማሴ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ የልጃቸው እስር አራቁቷቸዋል። በደብሩ መሪጌታ የሚመሩት ሽማግሌዎች ተማከሩና «ምንሽሯን ለሟች ቤት ይስጥ» አሉ። በእነሱ ሐሳብ ብልህ ፍርድ ነው። መሣሪያው ከገዳይ ቤት ይወጣል፣ የሟች ቤት ይከበራል። በዚያ ላይ ምንሽሯ አርጅታለች፣ ዒላማ አትይዝም፤ እንዳለው ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ምንም አያደርግባትም። ይህን ሁሉ አስበዋል። ልጇን የገደለውን ጠመንጃ ቤቷ ውስጥ ሰቅላ የምታድር እናት ምን ትሆናለች ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ሽማግሌ አከብራለሁ፤ ይህን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በዕርቁ ቀን ባምላኩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ እትዬ አቻምየለሽ እግር ላይ ወደቀ። ተነሥ፣ ይቅር ብየሃለሁ አሉት። አያ አድማሴ ምንሽሯን ወደ መሬት ደፍተው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከእሳቸው ጎን ነበርሁ፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አይቻለሁ። ሰዎቹ ግን የሚጸልዩ መሰላቸው።

ምንሽሯን ምሰሶው ላይ ሰቀሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። አፈሙዝ የሚባለው ከጥይት መጉረሻው እስከ ጫፉ ያለው ረጅሙ ብረት ነው፤ እሳቸው ግን «አፏ» ይሉታል። ወደ አፏ እያዩ እህል አይወርድላቸውም። ጀርባቸውን ሲሰጧትም ከኋላ የምታያቸው እየመሰላቸው ይዞራሉ። አፏን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ጨርቁ መግነዝ መሰላቸውና መልሰው ፈቱት። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጠበል ረጯት፤ ዝገት ጨመረች እንጂ ሌላ ለውጥ አላየንባትም። በመጨረሻ ምድጃ ቤት መተኛት ጀመሩ። እንዳለውም አይነካትም፤ በአጠገቧ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው።

አልፈልግም ብለው እንዳይመልሷት ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። እንዳይሸጧት «የልጇን ደም ሸጠች» ይባላሉ። ለሚሊሻ እንዳያስረክቧት «ካሳውን ናቀች» ይባላሉ። እንዲሁ ሲቃጠሉ ከርመው፣ አንድ ቀን በርበሬ ስንለቅም ጎንበስ እንዳሉ ተናገሩ።

«እንጨቷ አልገደለውም። ቃታዋን የሳበ እጅ ነው፤ እጁን ታርቀነዋል። የቀረኝ አፏ ነው። ሞፈር ሲሰበር ይለወጥ የለም? አፏን አስለውጣታለሁ።»

ቡሬ ውስጥ ጠመንጃ የሚያድስ ሰው እንዳለ አጠያይቀው ኖሯል። እኔ እንድሸኛቸው የፈለጉት ለወሬ ብለው ነው፤ ሴት ብቻዋን ጠመንጃ ይዛ መንገድ ከወጣች የሚባለው አያልቅም፤ የመንግሥት ሠራተኛ አብሯት ካለ ግን ሰው የራሱን ምክንያት ፈልጎ ዝም ይላል። እንዳለው ሲነገረው እንደ ወደድሽ ብሎ ወደ በሬዎቹ ሄደ። እኛ አይሱዙ ላይ ወጥተን በበርበሬ ጆንያ መካከል ተቀመጥን። ምንሽሯን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አጋደምኋት፤ አፏ ወደ እሳቸው እንዳይዞር ስጠነቀቅ ቡሬ ደረስን።

ጠጋኙ አያ ሃይለ ሚካኤል ይባላሉ። ከገበያው ጀርባ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ዕቃ እየጠገኑ የሚኖሩ፣ ወሬ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሳንቀመጥ የቡሬን ሹም ሽር ሁሉ አወሩልን። ከዚያ ምንሽሯን ከጋቢው አውጥተው አገላበጧት።

«ይችማ አርጅታለች፣ እትዬ። የውስጧ ጥርስ ሁሉ ተበልቷል። ከዚህ እስከዚያ በር ድረስ ካልሆነ አትመታም።»

«ከዚያ በላይ አልራቀም ነበር» አሉ እትዬ አቻምየለሽ።

ሰውየው ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ምንሽሯ ታሪክ አንድም ነገር አልጠየቁም። ወደ ጓዳ ገብተው ሌላ አፈሙዝ ይዘው ወጡ። ሰደፏን ምስጥ ከበላት አንዲት ምንሽር የተረፈ ነው አሉ። ብረቱ ደኅና ነው፣ ይገጥማል። እትዬ አቻምየለሽ አልነኩትም፤ ይሄስ ሰው ገድሏል ወይ ብለው ጠየቁ። ጠመንጃ ነው እኮ፣ እኔ ምን አውቄ አሉ ሰውየው። እንግዲያውስ አይሆነኝም አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

አያ ሃይለ ሚካኤል ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አስታወስሁ አሉ። የዚያች ምስጥ የበላት ምንሽር ባለቤት አንድ ሀብታም ነበሩ፤ ለሠርግና ለጥምቀት ብቻ የሚያነግቷት፤ እንኳን በሰው በጅብ ተኩሰው አያውቁም፤ ጥይት ይፈሩ ነበር። የሀብታሙን ካባ ቀለም ሳይቀር ነገሩን። እያወሩ እንደሚፈጥሩት ገብቶኛል። ለእሳቸውም ገብቷቸዋል፤ በኋላ መንገድ ላይ «አዝኖልኝ ነው የዋሸ» ብለውኛል። የዚያን ጊዜ ግን ይሁን ብለው ተቀመጡ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አሮጌውን አፈሙዝ ዝገት አጣብቆታል። ነጭ ጋዝ አጠጡት፤ በሞርሳ አስረው በረጅም ብረት ጠመዘዙት፤ እምቢ አለ። እንደገና ነጭ ጋዝ፣ እንደገና መጠምዘዝ። እኔም ብረቱ ጫፍ ላይ ተንጠለጠልሁ። ሲላቀቅ ታማሚ ከብት የሚያቃስተውን ማቃሰት አቃሰተ። እትዬ አቻምየለሽን ዞር ብዬ ብፈልጋቸው ውጭ ወጥተው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አዲሱም ወዲያው አልገጠመም፤ ሲለኩ፣ ሲሞርዱ፣ መልሰው ሲለኩ ቀኑ ተጋመሰ።

ሲያልቅ ወደ ደረቁ ወንዝ ይዘዋት ወርደው ተኮሱባት፤ ፊታቸው በኩራት አብርቶ ተመለሱ። እንደዚች ያለ ገጥሜ አላውቅም፣ ከእንግዲህ የፈለጉትን ትመታለች አሉ። እትዬ አቻምየለሽ የሰሟቸው አይመስለኝም። የሚያዩት አፏን ነው፤ ሌላ አፍ ነው። አሮጌውን ይውሰዱ ሲባሉ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ቤቴ አይገባም፣ የትም ጣሉልኝ አሉ።

የዚያን ዕለት ራት ምንሽሯን ፊት ለፊት እያዩ በሉ። እኔም ተጋብዤ ነበር፤ በደስታቸው የመንግሥት ድስቷን ረስተዋት ያንን እሳት የሆነ ወጥ አብሬ በላሁ። ከምድጃ ቤት መኝታቸውን አንሥተው ወደ ዋናው ቤት ገቡ። ጠዋት ከችግኞቹ ጋር ሲጣሉ ድምፃቸውን ሰማሁና ቤቱ ወደ ቦታው ተመለሰ ብዬ አሰብሁ።

እንዳለውም ተለወጠ። ወንድሙን የገደለው ብረት ወጥቶላታል፤ ልጁ የሚጠላበት ምክንያት አልቀረውም። ከምሰሶው አወረዳት፣ ሰደፏን ቅቤ ቀባ፣ ማንገቻ ገዛላት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያነግታት ጀመር፣ ቀጥሎ ማንኩሳ ገበያ። መሬት መሬት የሚያየው ልጅ አንገቱ ቀና አለ። ጎረምሶች ያዝ እያደረጉ ያዋሩታል፤ ውሃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ሲያልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እናቱ ሲያዩት ደስ አላቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በጥር አንድ የሰፈሩ ሰው ልጁን ዳረ። ከምሳ በኋላ ጎረምሶቹ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ነጭ የከብት አጥንት አስቀምጠው ዒላማ ይሞክሩ ያዙ። ባለ ክላሾቹ ተራ በተራ ሳቱ። እንዳለውን የጠሩት ለሳቅ ነው፤ ያች ምንሽር ቤት የሚያህል ነገር እንደማትመታ የማያውቅ አልነበረም። እንዳለው ተንበረከከ፣ አነጣጠረ፣ ተኮሰ። አጥንቱ ተበተነ።

መጀመሪያ ጩኸት ሆነ። አንዱ ፎከረለት፤ «የዓለምነህ ወንድም!» አለው። ከዚያ ጩኸቱ ከዳር ጀምሮ እየበረደ መጣ፤ ሰዎች አያ አድማሴን እያዩ ነው ዝም የሚሉት። አያ አድማሴ ከዳሱ ወጥተው ቀስ እያሉ መጡ። ምንሽሯን እስቲ አሳየኝ አሉት፤ ሰጣቸው። አፈሙዟን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከዚያ በሁለት እጃቸው መለሱለት።

«እንኳን አሳደሳችኋት፣ ልጄ። እኛ ስንሰጣችሁ አሮጌ ነበረች።»

ይህን ብለው ከሠርጉ ወጡ። እዚያ አገር ሰው ሲቆጣ እንዲህ ነው የሚናገር፤ የሰማ ሁሉ ገብቶታል። ለደም ካሳ የተሰጠችውን የማትመታ ጠመንጃ የሟች እናት ቡሬ ድረስ ተጉዛ የምትመታ አድርጋ አመጣቻት። ለምን? ታሪኩን ባላውቅ እኔም የማስበው ያንኑ ነበር።

ባምላኩ ከዚያ ቀን ወዲያ ብቻውን መውጣት ተወ። አያ አድማሴ በሬያቸውን ሸጠው ክላሽ ገዙለት። እንዳለው ይህን ሲሰማ ያለ ምንሽሯ ለእርሻም የማይወጣ ሆነ። ከቦዩ ወዲህ እሱ ጠመንጃ አንግቶ ያርሳል፤ ከቦዩ ወዲያ ባምላኩ ጠመንጃ አንግቶ ያርሳል፤ አንዱ ሲያስል ሌላው በሬውን ያቆማል። ሁለቱም መግደል እንደማይፈልጉ ማልልኝ ብባል እምላለሁ። ግን እያንዳንዳቸው ሌላው ይፈልጋል ብለው አምነዋል። ማንን ልቆጣ? የምቆጣው ሰው አጥቼ ግቢው ውስጥ ስመላለስ እውል ነበር።

ሽማግሌዎቹ እትዬ አቻምየለሽን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር አስጠሯቸው። ምንም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ እህል እንዴት እንደማይወርድላቸው፣ ምድጃ ቤት እንዴት እንደ ተኙ፣ ስለ አፏ። አዋቂ ሰዎች ፊት ስለ ጠመንጃ አፍ ሲያወሩ እየተሳቀቁ ነው። መሪጌታው ጨርሰው ሰሟቸውና፣ አሮጌውን ማየት አቅቷት ከሆነ ለምን ሌላ አሮጌ አላስገጠመችም፣ የሚመታውን ምን አስመረጣት ብለው ጠየቁ።

«የተገኘው እሱ ነው» አሉ እትዬ አቻምየለሽ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። እኔ ተነሥቼ አብሬያቸው ነበርሁ፣ እመሰክራለሁ አልሁ። አንተ እንግዳ ነህ፣ የቤታቸውንም እህል ትበላለህ፣ ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥሁ። ከብዙ ንግግር በኋላ አሮጌው አፈሙዝ ይመለስ፣ ጠመንጃዋ እንደ ተሰጠች ትሁን፣ ያን ጊዜ አያ አድማሴም ክላሹን ለሽማግሌ ያስረክባሉ ተብሎ ተፈረደ። እትዬ አቻምየለሽ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው መሬቱን ሳሙ። ያንን አፍ ዕድሜ ልካቸውን እያዩ ሊኖሩ እየተስማሙ ነው፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

እንዳለው ምንሽሯን ለመስጠት አመነታ። «እስክትመለሽ ከቤት አልወጣም» አላቸው እናቱን፤ በሩንም ከውስጥ ሲቀረቅር ሰማን። እኛ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት አይሱዙ ቡሬ ሄድን።

አያ ሃይለ ሚካኤል ሲያዩን ደስ አላቸው፤ የመጣንበትን ሲሰሙ ግን መዶሻቸውን አስቀመጡ። ጣሉት ብለውኝ የለም ወይ አሉ። አሮጌውን አፈሙዝ ቆራርጠውታል። አንዱ ቁራጭ የውሃ ፓምፕ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው የወፍጮ ዘንግ ማቀፊያ ሆኗል፤ የተረፈውን ሽንዲ ከተማ የሚነግድ ሰው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ወስዶታል። ሌላ ያረጀ አፈሙዝ ደግሞ እጃቸው ላይ የለም። ከልባቸው አዘኑ፤ ሲንጎራደዱ ቆይተው ዘዴ መጣላቸው።

«ከፈለጉ ይችኑ ላበላሽልዎ እችላለሁ። ውስጧን ብፍቀው ከእንግዲህ ዒላማ አትይዝም። ሽማግሎቹስ የሚፈልጉ ይኸንኑ አይደል?»

እኔ ወዲያው ይሁን፣ መፍትሔው ይኸው አልሁ። እትዬ አቻምየለሽ አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ምንሽሯን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ለሥራ የመጣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ አያ ሃይለ ሚካኤል በእጃቸው ቆይ አሉት።

«ካበላሻት በኋላ እነሱ ክላሹን ባይመልሱሳ?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ሽማግሌ የፈረደውን ይመልሳሉ አልኋቸው።

«ሽማግሌ የፈረደው አሮጌው ይመለስ ብሎ ነው። አሮጌው የለም። ‹ደግሞ ሌላ ነገር አሠርታባት መጣች› ቢሉኝሳ? እስካሁን ያመነኝ ማን አለ? ልጄ የማትመታ ብረት አንግቶ፣ እነሱ ክላሽ ይዘው…»

አልጨረሱትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ወልደኻል?»

«አልወለድሁም።»

ተነሥተው ምንሽሯን ራሳቸው አነገቷት። ጋቢዬን ባቀርብላቸው አልተቀበሉኝም፤ ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት ትቷቸዋል። አይሱዙው ላይ እንደ ልጅ አቅፈዋት ተቀመጡ።

ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ምንሽሯን ለእኔ ሰጥተው ቦዩን ተሻገሩና የባምላኩን እናት ወለተ ጊዮርጊስን አስጠሩ። ሁለቱ ሴቶች ከግድያው በፊት አንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጡ ነበር። አጥሩ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ከቦዩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። እትዬ አቻምየለሽ ሁሉንም ነገሯት፤ አሮጌው መጥፋቱን፣ ይችን ማበላሸት መፍራታቸውን።

«እኔስ አምኘሻለሁ አቻምየለሽ፤ ከመጀመሪያውም አምኘሻለሁ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ምን ያረጋል? ክላሹን የያዝሁት እኔ አይደለሁም።»

እንግዲያውስ ልጅሽን ራቅ ወዳለ አገር ላኪልኝ ብለው ለመኗት። እሷም ያንኑ ለመነቻቸው። አንዷም እሺ ማለት አልቻለችም፤ የሄደው ልጅ ፈርቶ ሸሸ ይባላል፣ የቀረችውን እናት የሚያርስላት የለም፤ ለዚያውም የሚሄደውን ልጅ መንገድ ላይ ማን ይጠብቀዋል? ተቃቅፈው አለቀሱ። የባምላኩ ድምፅ ከውስጥ ሲሰማ ተላቀቁ። ሽማግሌዎቹ አሮጌው አፈሙዝ እንደ ጠፋ ሲነገራቸው አላመኑም፤ ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት፣ ያ ቀን ደግሞ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፣ በዚያው ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አዴት ተዛወርሁ። የምሄድበት ጠዋት ልሰናበታቸው ወደ ዋናው ቤት ስሄድ እትዬ አቻምየለሽን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምንሽሯ ጭናቸው ላይ ናት። በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዘይት ነክረው፣ አፈሙዟን ከውስጥ ይወለውላሉ። ያወጡታል፣ ጨርቁን ያዩታል፣ ይገለብጡታል፣ መልሰው ያስገቡታል። እጃቸው ለምዶታል። እንዳለው በሬዎቹን ጠምዶ ግቢው መሐል ቆሟል፤ እሷን ሳይዝ አይወጣም።

በየቀኑ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚወለውሏት አልኋቸው።

«ልጁ ይቸኩላል፣ አይሆንለትም። አንድ ቀን ከከሸፈችበት ምን ይውጠኛል?» አሉ፤ ዓይናቸውን ከጨርቁ አላነሡም።

ምንሽሯን ለልጃቸው ሰጡት። አንግቶ በሬዎቹን እየነዳ ወጣ። እትዬ አቻምየለሽ እስከ ቦዩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት፤ ማዶ ሰው አለመኖሩን ካዩ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞሩት። ግንባሬን ሳሙኝ፣ መርቀው ሰደዱኝ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን መልሰው ጠሩኝ።

«አዴት ትልቅ ገበያ ነው ይሉታል። ደኅና የጠመንጃ ዘይት ካገኘኸ ያዝልኝ። ይኸኛው የወጥ ዘይት ነው፣ ያጣብቃታል።»

እሺ አልኋቸው። አዴት ገበያ ብዙ ሱቅ ዞሬ አገኘሁ፤ ለፋሲካ ይዤላቸው ሄድሁ።